ስህተት የሌለበት ወር

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ፣ ኬኩን ላዘዛችሁ፣ ወንበር ለተሸከማችሁ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ማይክሮፎኑን ለኔ መስጠት ያሰበውን ሰው ግን እግዜር ይሁነው። ጡረታ የወጣች ሴት ምን ትፈራለች?

ለአዲሶቹ ራሴን ላስተዋውቅ። መስኮቱ አጠገብ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጣ የምትውለው አሮጊት እኔ ነኝ። እናንተ ባለቀለም ግራፍ አላችሁ፤ እኔ ግሬፕ አለኝ። አንድ ቃል እጽፍለታለሁ፤ የላቦራቶሪ ውጤት ለሆስፒታሎች የሚያስተላልፉት ማሽኖቻችን ቀን ከሌት ከሚለፈልፉት ሎግ፣ ማለትም የውሎ መዝገብ ውስጥ ያ ቃል ያለበትን መስመር ሁሉ ለቅሞ ያመጣልኛል። "ስህተት" ብዬ ስጽፍ የታመመው ቦታ ይወጣል። ሥራዬ ይኸው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ክቡር ሥራ አስኪያጃችን ስብሰባ ላይ ጠረጴዛውን መቱና፣ "ከዛሬ ጀምሮ ስህተት የሚል ቃል ማየት አልፈልግም!" አሉ። ሥራችሁን አስተካክሉ ማለታቸው ነበር። መቼም ፕሮግራመሮቻችንን ታውቋቸዋላችሁ፤ ትእዛዝ ያከብራሉ። ቃሉን ከፕሮግራሙ ውስጥ አጠፉት። አንዱ በምትኩ "ይታለፍ" ብሎ ጻፈ፣ አንዷ "በሂደት ላይ"፣ ሌላው ደስ ያለውን። ወሩ ያለ ምንም ስህተት አለቀ። ጭብጨባ፣ ቪዲዮ፣ ለሥራ አስኪያጁ ዋንጫ! አትሳቁ፤ እናንተም አጨብጭባችኋል።

በሳምንቱ የላቦራቶሪ ውጤት ለሆስፒታሎቹ መድረሱን አቆመ። ስልክ የምታነሳልን እህታችን እየሮጠች መጣች።

"እትዬ፣ ሐኪሙ እየጮኸብኝ ነው! አንዲት ልጅ ታማበት አልጋ ላይ ናት፤ የደሟን ውጤት ሳላይ መድኃኒት አልጀምርም ይላል።"

"ስህተት" ብዬ ጻፍኩ። ምንም የለም። ደግሜ ጻፍኩ። ምንም! ማሽኑ ታሟል፣ እኛ ደግሞ አፉን ይዘነዋል። በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ ነገሩን ገለበጥኩት። ግሬፕ ደግ ነው፤ "ይህን አምጣ" ብቻ ሳይሆን "ይህን ደብቅና የቀረውን አሳየኝ" ቢሉትም እሺ ይላል። "ተሳክቷል" የሚለውን ደብቅ አልኩት። "ተልኳል" የሚለውን ደብቅ። "ገብቷል" የሚለውንም። ደህና ደህናው ሁሉ ሲነሳ አንድ መስመር ብቻ፣ ሺህ ጊዜ ተደጋግሞ ቀረ፦ "አይዞን፣ ያልፋል።"

"ይሄን የጻፈ ማነው?" ብዬ ጮህኩ።

ጺማሙ ፕሮግራመራችን ብድግ አለ። "እኔ ነኝ እትዬ። የማሽኑ ማከማቻ ዲስክ ሞልቶ ውጤት ማስተላለፍ ሲያቅተው እንዲወጣ ነው።"

"በምን ሞላ?"

አቀረቀረ። "ስህተት የሌለበትን ወር ያከበርንበት ቪዲዮ ነው። ለመታሰቢያ ብለን እዚያ አስቀመጥነው።"

ቪዲዮውን አጠፋሁት። ይቅርታ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ጭፈራዎም አብሮ ጠፋ። ውጤቱ ሄደ፤ ሐኪሙም ልጅቷ መድኃኒቷን መጀመሯን ደውሎ ነገረን። እኔና ያቺ እህታችን ተቃቅፈን አለቀስን።

የዚያ ቀን ሪፖርት ምን አለ መሰላችሁ? "መጠነኛ መጉላላት።" ቃሉም እንደተከለከለ ቀረ። ስንቴ "ይመለስልን" አልኩ? "እናስብበታለን" ይሉኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እኔ እንደሆን ነገ የለሁም። ሌላ ሐኪም ሲደውል፣ ነገሩን ገልብጦ የሚፈልግላችሁ ሰው ብታጡስ? ሰሞኑን ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

በሉ ልጆቼ፣ ጤናና ሰላም አይለያችሁ። የእጃችሁ ሥራ ይባረክ። ስህተታችሁ ገና ትንሽ ሳለ ይታያችሁ፤ ያየውም ሰው ለመናገር አይፍራ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜና ጠንካራ ልብ ይስጥልኝ፤ ልቡ ዛሬውኑ ያስፈልግዎታል። ጠዋት ቁጭ ብዬ "ስህተት" የሚለውን ቃል ፕሮግራሙ ውስጥ ወደየቦታው መልሼዋለሁ። ብቻዬን ነው የሠራሁት። ጺማሙን አይዩት፤ እሱ ኬክ ሊያመጣ ወጥቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስክሪናችሁ በቀይ ቢሞላ አትደንግጡ። አዲስ የተበላሸ ነገር የለም፤ የነበረው ነው። እኔን ለማባረር ደግሞ ረፍዷል። ኬኩ ይቆረስ!