በገዛ እጄ

ከሸሕዲ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ያሉትን ሽማግሌ ነጋዴ ታዋራለች።

«ሱቁን ማን አፈረሰብዎት አባባ?»

«እኔው ነኝ ልጄ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ መምረግ ሰለቸኝና በብሎኬት ልሠራው ብዬ።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«በአዲሱ ፕላን ቦታው መንገድ ሆኗል። አሮጌው ቤት እስከቆመ ድረስ ማንም አይነካውም ነበር። አንዴ ከፈረሰ ግን እዚያ ላይ መሥራት አይቻልም አሉኝ።»

«ሳያፈርሱት ጠይቀው ቢሆን...»

«የገዛ ግድግዳዬን ማንን ልጠይቅ? አባቴ የመረጉት፣ እኔ የመረግሁት!»

«አሁን ምን አለበት?»

«ባጃጅ ይቆምበታል።»

ከተማው ውስጥ ስንደርስ ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ወራጅ አለ! ሱቄ በር ላይ!»

እግሬን ሰብስቤ አሳለፍኳቸው፤ በመስኮቱ ግን ወደ ውጭ አላየሁም።