የተጣበቁት ገጾች

ብቻውን የሚኖር ሰው ከዘመዶቹ ይልቅ ባለ ሱቆችን ያውቃል። እኔም በዚያ ቅዳሜ ከሰው ጋር የተነጋገርኩት የመጀመሪያው ቃል «ሙጫ አለ?» የሚል ነበር። ሥራዬ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የልጆቹን ክፍል የምይዘው እኔ ነኝ። ልጆቹ «እትዬ ዝምበሉ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ስሙ ቤቴም ድረስ ተከትሎኝ ሳይመጣ አልቀረም፤ ማታ ማታ እዚያ ዝም የማይል ነገር ቢኖር የቧንቧው ጠብታ ብቻ ነው።

ባለ ሱቁ የቀረውን አንድ ጠርሙስ ሙጫ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ሁለት እጆች ተዘረጉ፤ አንዱ የእኔ፣ ሌላው አጠገቤ የቆሙ የአንድ ሽማግሌ። ካፖርታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ መነጽራቸው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«አንቺ ቅደሚ ልጄ፤ የኔ አይቸኩልም» አሉኝ።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ ጋሼ። እኔ የተቀደዱ የልጆች መጻሕፍት ልጠግንበት ነው፤ ሰኞም ይደርሳል።»

«ይገርማል! የኔም ለልጅ መጽሐፍ ነው።»

«የእርስዎም ተቀደደ?»

«የምን መቀደድ! የኔ ልጅ መጽሐፍ አትቀድም። እኔ የማይሆነውን ገጽ ላጣብቅበት ነው።»

ክው ብዬ ቀረሁ። ስንት ጊዜ ነው ገጾቻቸው እርስ በርስ የተጣበቁ መጻሕፍት ወደ መደርደሪያዬ የተመለሱት! ከረሜላ የላሱ ጣቶችን ስጠረጥር ኖሬ፣ ጥፋተኛው የፊት ጥርስ እንኳ ያልቀረላቸው አዛውንት ሆነው አረፉት። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ግን አነጋገራቸው እንደ ጨዋ ሰው ስለ ነበር ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ሥራዬን ነገርኳቸው። እሳቸውም እንደ መደንገጥ አሉና የሙጫውን ሂሳብ ከፍለው፣ ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቁጭ በይ አሉኝ።

ሽማግሌው ጡረታ የወጡት ከማተሚያ ቤት ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አራሚ ነበሩ። አንዲት ሴት ልጃቸው ካቻምና ታማ ሞተች፤ ልጇን ሚጣን እሳቸው ወሰዱ። የልጅቷ አባት ገና ሳትወለድ ነው የጠፋው። አሁን አያትና የልጅ ልጅ በሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ።

«በጎረቤት ልጅ እያስዋስኩ መጽሐፋችሁን ማበላሸቴ ነውር ነው፤ ሂሳቤን ተቀበይ» አሉ። «አሳቤ ግን ነውር አይደለም። መጽሐፍ ማለት ዕውቀት ነው። ስለ ጨረቃ ይናገር፣ ስለ ወንዝ ይናገር፣ ስለ ትጋት ይምከር፤ እሰየው። ሳቅና ለቅሶ ግን ምን ያስተምራል? እሱን ነው የማጣብቀው።»

«እሷስ ምን ማንበብ ትወዳለች?»

«እሱን ጠይቄያት አላውቅም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም? ልጅ የመረጠው መጽሐፍስ ለምን ይበቃል?»

«ተረቱ እውነት ነው ጋሼ። ግን እጇን ከሊጡ ካላስገባች ማቡካት መቼ ትለምዳለች?»

«አንቺ ደግሞ ለመልስ አትታሚም!» ብለው ፈገግ አሉ። ቢሆንም እጃቸውን አልሰጡም። «እኔ በልጅነቴ ያነበብኩት ምክር ብቻ ነው። ምን ሆንኩ?»

«ከእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ዛሬም ደግመው የሚከፍቱት አለ?»

«የለም» አሉ።

«‹አየሽ› የምባለው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ግን እኔ ልበልዎት፦ ‹አዩ!› ምክር ብቻ የሆነውን መጽሐፍ ልጅ እንደ መድኃኒት ትውጠዋለች፤ ሁለተኛ አትጠይቅም። ቀልድ ብቻ የሆነውም ሲያልቅ ያልቃል። ደኅናው መጽሐፍ ልጅቷ ለጨዋታው ብላ ገብታ፣ ቁም ነገሩን ሳይታወቃት ይዛው የምትወጣበት ነው። እኛ ጋ አንድ መጽሐፍ አለ፤ አንዲት ጉንዳን ኩሬ ላይ ድልድይ ስትሠራ እየፈረሰባት ውኃ ውስጥ ትወድቃለች። በወደቀች ቁጥር ልጆቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ፤ ዝም በሉ ብል ማን ሰምቶኝ! መጽሐፉ ሲያልቅ ግን ድልድይ ምን እንደሚያቆመው የማያውቅ ልጅ የለም።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን በካፖርታቸው ጫፍ ጠረጉ። መልስ የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር፤ ሌላ ነገር ኖሯል።

«እንግዲያው የተማርሽ ነሽና ልጠይቅሽ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጅቷ ብቻዋን ታወራለች። ከእኔ ጋር ‹እሺ አባባ›ና ‹ደኅና ይደሩ አባባ› ብቻ ናት። ክፍሏን ስትዘጋ ግን ግድግዳው ስስ ነውና እሰማታለሁ። አንዳንዴ ትስቃለች። አንዳንዴ ደግሞ … ‹እማዬ› ትላለች። ይሄ የልብ ወለድ መዘዝ ነው እላለሁ እኔ። የአባቷ እኅት፣ አክስቷም ሰምታ ‹ቤቱ ነው ልጅቷን ያሳመማት፤ እሑድ መጥቼ እወስዳታለሁ› አለች። ትውሰዳት አትውሰዳት አላውቅም። ልጅቷን ብጠይቃት ‹እሺ አባባ› ነው የምትለኝ።»

ከዚህ በኋላ ስለ ሙጫው ማንሳት አልቻልኩም። የሰው ብቸኝነት ከራስ ብቸኝነት ጋር ሲገናኝ ይከብዳል። ያጣበቋቸውን መጻሕፍት እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው፤ አብረን ሄድን።

ቤቱ ንጹሕ ነው፤ እንግዳ የማይመጣበት ቤት ንጽሕና። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆ ተደፍቷል። ሦስተኛው ወንበር ላይ ጋዜጣ ተከምሯል። የልጅቷ ክፍል በር ተዘግቷል። ሽማግሌው ማንቆርቆሪያውን ምድጃ ላይ ጥደው መጻሕፍቱን አመጡልኝ። እኔም የተጣበቀውን ትቼ ከእሱ በፊትና ከእሱ በኋላ ያለውን ማንበብ ጀመርኩ።

በአንደኛው እናት በር ላይ ቆማ ልጇን ትጣራለች፤ ቀጥሎ ያለው ተጣብቋል። በሌላው ልጁ ትኩሳት ይዞታል፤ ተጣብቋል፤ ከዚያ በኋላ ድኖ ይጫወታል። በሦስተኛው አንዲት ፍየል የመምህሩን ባርኔጣ ትበላለች። እሱ አልተጣበቀም።

«ጋሼ፣ የፍየሏን ቀልድ ትተውታል» አልኳቸው።

«አልፎኝ ይሆናል።»

«አራሚ ያልፈዋል?»

ሦስተኛውን ወንበር ሊያስለቅቁልኝ ጋዜጣውን ማንሳት ያዙ። ቀስ ብዬ «የተጣበቁት ሁሉ እናት ያለችባቸው ናቸው» አልኩ።

ሽማግሌው የጋዜጣውን ክምር ይዘው ቆሙ። «አንድ ቀን እራት ላይ ስለ እናቷ ጠየቀችኝ» አሉ። «አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ልጅቷ ደነገጠች። ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም እንዳታስታውስ ብዬ ነው።»

«እሷ እንዳታስታውስ ወይስ እርስዎ?»

«ሁለታችንም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል ጋሼ። ልጅ ሐዘኗን ከመጽሐፍ አትማረውም፤ ይዛው ነው ወደ መጽሐፉ የምትመጣው። እዚያ እንደሷ ያዘነ ሌላ ልጅ ስታገኝ ብቻዬን አይደለሁም ትላለች። እኛ ግን እሱን ጓደኛዋን በሙጫ ዘጋንባት።»

በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተ። ስስ ግድግዳ ለሁለት ወገን ነው የሚያሰማው። ሚጣ ቀጭን ናት፤ ፀጉሯን ራሷ እንደ ሠራችው ያስታውቃል፤ አንዱ ጉንጉን ከሌላው ይወፍራል።

«አባባ፣ እኔ አልታመምኩም» አለች። «የተጣበቀው ውስጥ ምን እንዳለ ስለማላውቅ ራሴ እየጨረስኩት ነው። እሱን ነው የማወራው።»

ሽማግሌው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እኔም ለብዙ ቃል ጊዜው እንዳልሆነ ስለ ገባኝ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በማንቆርቆሪያው እንፋሎት ላይ ያዝኩት። ገጹ ትንሽ ቢሸበሸብም ተላቀቀ። ለሽማግሌው ሰጠኋቸውና «ያንብቡላት» አልኩ።

መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማተሚያ ቤት አንዱ አራሚ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው በዓይኑ ይከታተላል፤ ስለዚህ ነጥቡም ሰረዙም በድምፅ ይጠራል። ሽማግሌው ከዚህ ሌላ አነባበብ አያውቁም ኖሯል። «እናቲቱም ነጠላ ሰረዝ ‹ና ግባ ልጄ ነጠላ ሰረዝ እራቱ ቀዘቀዘ ቃለ አጋኖ እጅህን ታጠብ› አለችው አራት ነጥብ» አሉ በትልቅ ክብር።

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። አልሆነላትም፤ ሳቋ አመለጣት። እሳቸውም ምን እንዳሳቃት ሲገባቸው ሳቁ፤ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለቱም እየተያዩ ነበር የሚስቁት።

«በቃ? ይሄ ብቻ ነው?» አለች ሚጣ ሳቋ ሲበርድላት። «የኔዋ ትበልጣለች።»

«ያንቺዋ ምን ታደርጋለች?»

ወደ እኔ አየች፤ ወደ እሳቸው አየች። «ታስገባውና ፀጉሩን ታበጥርለታለች። ስታበጥር ታንጎራጉራለች።»

«ስህተት ነው» አሉ ሽማግሌው፤ የኖሩበት ልማድ ነው። እኔ ተሸማቀቅሁ፤ ልጅቷም ፊቷ ጥቁር አለ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። «እናትሽ ስታበጥር አታንጎራጉርም። ታፏጭ ነበር።»

ሚጣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ታፏጭ ነበር?»

«ታፏጭ ነበር። ሴት ልጅ አታፏጭም ብዬ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። ሰምታኝ አታውቅም።»

«እንዴት አድርጋ?»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ነፉ። ጥርስ የለም፤ ነፋስ ብቻ ወጣ። ደግመው ሞከሩ። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፤ እሳቸው ግን መንፋታቸውን አልተዉም። ልጅቷም በዚህኛው እንባ አልደነገጠችም። ወንበሯን አስጠግታ «እኔ ልሞክር» አለች።

ሳልሰናበት ወጣሁ። መንገድ ላይ እኔም አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ ግን በደንብ አላውቅም። ቤቴ ስገባ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

አክስቲቱ እሑድ መጥታ ነበር። ልጅቷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «እሺ» ያላለችው ያን ቀን ነው ብለው ሽማግሌው እየኮሩ ነገሩኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይመጣሉ። አንዱን መጽሐፍ እሷ ትመርጣለች፣ አንዱን እሳቸው፤ ሁለቱንም ሁለቱም ያነባሉ፤ ከዚያ ይከራከራሉ። እሷ እሳቸው ከመረጡት ስለ ከዋክብት ተማረች። እሳቸው እሷ ከመረጠችው ስለ ልጅ ልብ ተማሩ። መምህሯ «ሚጣ በክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ጀመረች» አለችኝ፤ ድርሰት ስትጽፍም የሚያልቅባት ወረቀት እንጂ ቃል አይደለም። ሐዘኑ አልጠፋም፤ አንዳንድ ማታ ያለቅሳሉ። ግን በግድግዳው ሁለት ወገን ሆነው አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጎልማሳ የልጆቹ መደርደሪያ ፊት ቆሞ ግራ ገባው። እኔ ሳልነሳ ሽማግሌው ቀደሙኝ። ሰውየው ለሴት ልጁ የሚያስተምር፣ የሚያሳዝን ነገር የሌለበት መጽሐፍ እንደሚፈልግ ነገራቸው። ሽማግሌው አንድ አውጥተው በእጁ አስያዙትና እንዲህ አሉት፦

«መጀመሪያ ራስህ አንብበው የኔ ልጅ። አንተን ከሰለቸህ እሷንም ይሰለቻታል። ካሳቀህ ስጣት። ካስለቀሰህ ግን ብቻዋን አትስጣት፤ አብረሃት ቁጭ በል።»