በቀለም የሚያምኑት ሬዲዮ ጠጋኝ

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ጎረቤቴን ሽማግሌውን ሬዲዮ ጠጋኝ ከመብራት እንጨት ጀርባ ተሸሽገው አገኘኋቸው። እንጨቱ ቀጭን፣ እሳቸው ወፍራም፤ መሸሸግ ከተባለ!

«ጋሼ፣ ምነው በደህና?»

«ቀስ በል፣ አስተማሪው! ሚስቴ እዚያ ገብታለች» አሉ፣ ማዶ ያለውን የወጣቱን ጠጋኝ ሱቅ በአገጫቸው እያመለከቱ። «የቤታችንን ሬዲዮ በፎጣ ጠቅልላ! ለዚያ ለትናንት ልጅ! ውሽማ ብትይዝ ይሻለኝ ነበር።»

ሣቄ ቢያመልጠኝም አሳዘኑኝ። ደንበኞቻቸው ወደዚያ ሱቅ ሲሻገሩ አንጀታቸው እርር ሲል ከርሟል፤ አሁን ደግሞ ሚስት! ቅናት አጥንት ያነቅዛል ብዬ ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

ባለቤታቸው ሲያዩአቸው ክው አሉ። ሬዲዮው ጀርባው ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«እቤትሽ ጠጋኝ አጥተሽ ነው?» አሏቸው ሽማግሌው።

«በጠገንከው ቁጥር ሰንበት ብሎ ማንሾካሾክ ይጀምራል። ጆሮዬን ለጥፌ መስማት ታከተኝ። ብነግርህ ደግሞ ታኮርፋለህ።»

ወጣቱ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው። «ጋሼ፣ ይቺን ኤሌክትሪክ የምትገድብ ሬዚስተር የቀየሯት እርስዎ ነዎት?»

«አዎን፣ መጠኗን ከቀለም ቀለበቶቿ አንብቤ! ከአሮጌ ሬዲዮ እየነቀልኩ በየቀለማቸው በጣሳ የለየኋቸው አሉኝ። ቀለም አይዋሽም።»

«ቀለሙማ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራትን መጠን ነው የሚናገረው። ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁባት፣ ዕድሜዋም ሲገፋ፣ የመገደብ መጠኗ ያድጋል። ያኔ ድምፁን ለሚያጎላው ቫልቮላ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ያንሳል፤ ድምፁም ይደክማል።»

«እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አባትህ ሱሪ አልታጠቀም!»

«ልክ ነው፣ ጋሼ። አንድ እግሯን ነቅያለሁ፤ ለክተው ይፍረዱኝ» ብሎ መለኪያውን ቴስተር በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

ለኩ። መነጽራቸውን ወልውለው ደግመው ለኩ። ቀለሟ መቶ ሺህ ኦም ይላል፤ ቴስተሩ ከሁለት መቶ ሺህ አለፈ።

«ቴስተርህ ታሞ ይሆናል» አሉ። ወይ ከአፈርኩ አይመልሰኝ! ወጣቱ አዲስ ሬዚስተር ሰጣቸው፤ ሲለኳት ልክ መቶ ሺህ ሆነች። ሽማግሌው ቴስተሩን አስቀመጡት።

«በሽታ ነቅዬ በሽታ ስተክል ኖሬያለሁ በለኛ! ጣሳዎቼን ልድፋቸው?»

«ኧረ አይድፉ! እየለኩ ደህናውን ማስቀረት ነው።»

ወጣቱ አዲሷን ሊበይድ ካውያውን ሲያነሳ እጁን ያዙት። «ተው! የሚስቴን ሬዲዮ እኔ ነኝ የምበይደው።»

በየዱ፤ ከፈቱት። ሬዲዮው ሱቁን አናጋው።

«አሁንስ?» አሉ፣ ሚስታቸውን በስስት እያዩ።

«ኧረ ቀንሰው፣ ጆሮዬን!» አሉ ባለቤታቸው፣ እየሣቁ።

እነሆ ዛሬ ሽማግሌው ሳይለኩ አይበይዱም። የጠገኑት ሬዲዮ ቶሎ አይመለስም፤ ደንበኞቻቸው ግን ተመልሰዋል። ከወጣቱም ጋር ዕቃ ይዋዋሳሉ። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ትናንት ልክ የነበረ ዛሬም ልክ ነው ብለህ አትማል፤ መለካት ከመማል ይቀላል።

ቅናቱ ግን አለቀቃቸውም። ባለቤታቸው በማዶው ሱቅ በኩል ባለፉ ቁጥር ሽማግሌው ከበር ብቅ ይላሉ። ፎጣ ይዘው እንደሆነ ለማየት ነው።