አፈሩ እስኪነጻ አልፈርምም ያሉት የወይዘሮ ካሰች ማለደ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ቄሶች፣ የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ ከገዴራ፣ ከያቭነና ከሌሎችም ከተሞች ሐዘናችንን ልትካፈሉ ወደዚህ ወደ ቂርያት መላኪ የመጣችሁ ወገኖቻችን ሁሉ፤ እናታችን ወይዘሮ ካሰች ማለደ አፈር ከመልበሳቸው በፊት በዚህ ምድር ላይ እንዴት እንደኖሩ፣ ልጆቻቸው የነገሩንን፣ እኛም ጎረቤቶቻቸው በዓይናችን ያየነውን አሰባስበን እናነብላችኋለንና እባካችሁ በጸጥታ አዳምጡን።

ወይዘሮ ካሰች ከአባታቸው ከአቶ ማለደ ጓዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዛለች ዘሩ በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በደምቢያ ተወለዱ። በእስራኤል መታወቂያቸው ላይ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ አንድ ተብሎ ተጽፏል፤ እዚህ ከቆማችሁት ግማሾቻችሁ በዚያው ቀን የተወለዳችሁ ስለሆነ ስለ ትክክለኛነቱ ብዙ መናገር አያስፈልገንም። እሳቸው ግን ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንደተወለዱ ከእናታቸው ሰምተዋል። አባታቸው ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡ ባለ እጅ፣ እናታቸውም ሸክላ ሠሪ ነበሩ።

በልጅነታቸው ፊደል የመቁጠር ዕድል አላገኙም። ሆኖም ከእናታቸው እግር ሥር ሆነው የአያቶቻችንን የንጽሕና ሥርዓት ጠንቅቀው ተማሩ። ሴት ልጅ የወር አበባ ሲመጣባት በመንደሩ ዳር ወዳለችው የመርገም ጎጆ ወጥታ ትሰነብት እንደነበር፣ ጊዜዋ ሲፈጸም ወንዝ ወርዳ ገላዋንም ልብሷንም አጥባ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትመለስ እንደነበር እናቶቻችን ያውቁታል። ባልታጠበ ገላ ላይ ነጭ ቀሚስ ደርባ የምትገባ አልነበረችም። ታጥባ ከገባችም በኋላ ያለፈውን የሚያነሳባት፣ ፊቱን የሚያዞርባት ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ካሰች ይህን ለልጅ ልጆቻቸው ሲተርኩ ሁልጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ሰው እንደገና አዲስ መሆን መቻሉ እስከ እርጅናቸው ድረስ ይገርማቸው ነበርና።

ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ አቶ ደባሱን አግብተው ይሄይስንና ሃጋርን ወለዱ። በ1991 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወንበሮቹ ተነቅለው በወጡበት አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጠው ወደ እስራኤል ሲገቡ፣ በጎናቸው የተቀመጡት ሴት ወይዘሮ ማሪቱ ይባሉ ነበር። ወይዘሮ ማሪቱ በጉዞው ሁሉ ያስታውካቸው ስለነበር ትንሿን ልጃቸውን ዘሪቱን በጭናቸው አስተኝተው ያመጧት ወይዘሮ ካሰች ናቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች አልተለያዩም። ዕብራይስጥ አብረው ተማሩ፣ ከመምህሯም ቁጣ አብረው ቀመሱ፤ ቂርያት መላኪም በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ደረጃ ቤት ገዙ። ወይዘሮ ካሰች ምድር ቤት፣ ወይዘሮ ማሪቱ አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ሕንፃው አሳንሰር አልነበረውም፤ ያን ጊዜ ግን ጉልበት ስለነበራቸው ነገሩን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም።

በቤኤር ቱቪያ የኢንዱስትሪ አካባቢ በአትክልት ማሸጊያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ቆመው ሲሠሩ፣ አለቃቸው ወሬያቸው ስለበዛበት ሊለያያቸው ሞክሮ፣ ሲለያዩ ሥራው ስለቀነሰ መልሶ አንድ ላይ አቁሟቸዋል። በዚህም መካከል የወይዘሮ ካሰች የመጨረሻ ልጅ ኦሪ ተወለደ። አቶ ደባሱ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ በኋላም ወይዘሮ ካሰችን ያጽናኗቸው ወይዘሮ ማሪቱ ነበሩ። የወይዘሮ ማሪቱ ጉልበት አልታዘዝ ብሎ ከቤት መውጣት ባቃታቸው ጊዜ ደግሞ ዘንቢል በገመድ አስረው ከመስኮታቸው ያወርዱ፣ ወይዘሮ ካሰችም ዳቦውን፣ ወተቱን፣ መድኃኒቱን እየሞሉ ይልኩላቸው ጀመር።

ከሕንፃቸው ፊት ለፊት በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ባዶ ቦታ እንደነበረ የሰፈሩ ሰዎች ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ቀድሞ ብረት በክሮም የሚለብጥ ወርክሾፕ ነበረበት፤ ወርክሾፑ ተዘግቶ ባለቤቶቹ ከተበተኑ ዘመን አልፎ፣ ሣሩ እንኳ እዚያ ላይ ቢጫ ሆኖ ይበቅል ነበር። በ2016 እኛ ኢሪያ የምንለው የከተማው ማዘጋጃ ቤት አፈሩን ሲያስመረምር፣ ከወርክሾፑ የፈሰሰው መርዝ ወደ ታች ሠርጎ መግባቱ ታወቀ። ከዚያም አንድ ዕቅድ ወጣ፦ በባዶው ቦታ ላይ አሳንሰር ያላቸው አዳዲስ ሕንፃዎች ይሠሩና እኛ ወደዚያ እንገባለን፤ የእኛ አሮጌ ሕንፃ ደግሞ ይፈርሳል። ለዚህ የሕንፃችን የቤት ባለቤቶች ሁሉ ፊርማ ይፈለግ ነበር። የሥራው ተቋራጭ የላይኛውን አፈር ብቻ ጠርጎ፣ የቀረውን በወፍራም ኮንክሪት ሸፍኖ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው አሰበ፤ እንደ እሱ አባባል ሕጉም አይከለክለውም፣ ሥራውም ቶሎ ያልቃል።

ሁላችንም ፈረምን። ወይዘሮ ካሰች አልፈረሙም። በማኅበረሰቡ አዳራሽ በተጠራው ስብሰባ ላይ፣ ሃጋር እያስተረጎመችላቸው፣ ተነሥተው የተናገሩት ይህን ብቻ ነበር፦ «እኔ ስለ መርዙ የማውቀው ነገር የለኝም። ያልታጠበ ነገር ሲሸፍኑት እንደማይጠራ ግን አውቃለሁ። ሕፃናት የሚያድጉበት ነው፤ ንቀሉና አውጡት፤ ያን ጊዜ ቤሰደር፣ እሺ፣ እፈርማለሁ።»

ተቋራጩ ሳቀ፤ ከእኛም መካከል የሳቁ ነበሩ። ሳጊ የሚባለው ወጣቱ የከተማው መሐንዲስ ግን አልሳቀም፤ አፈሩ ተነቅሎ ቢወጣ እሱም ይወድ ነበርና። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ በከተማው ካዝና እንደሌለ፣ ነገር ግን ከተማ የሚሰጠው ባይኖረው የሚተወው ነገር እንዳለው አስረዳ። መሬቱ ዋጋው ሲጨምር ተቋራጩ ለከተማው የሚከፍለው ግብር አለ፤ ምክር ቤቱ ያንን ቢተውለት፣ ፈቃዱንም ቢያፋጥንለትና ሁለት ፎቅ ጨምሮ እንዲሠራ ቢፈቅድለት፣ ተቋራጩ ከሚያገኘው ትርፍ እስከ ታች ቆፍሮ ሊያጸዳ ይችላል። ከወንበር ወንበር እየተላለፈ ሲተረጎም እኛ የሰማነው፣ ከተማው ሰማይ ሰጥቶ ምድር ሊያሳጥብ ነው የሚል ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን እስከዚያች ቀን አናውቅም ነበር። ሆኖም ጉዳዩ በኮሚቴ ታይቶ፣ ተከራክረውበት፣ ድምፅ ተሰጥቶበት እስኪወጣ ጊዜ ይፈልግ ነበር።

ወይዘሮ ማሪቱ ግን ጊዜ አልነበራቸውም። ከመኝታ ቤታቸው እስከ መስኮቱ መድረስ ራሱ እያደከማቸው፣ ከላይ ሆነው «ካሱዬ! ኧረ በናትሽ ፈርሚ! ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ሳልሞት አንድ ቀን እንኳ ልውረድ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ወይዘሮ ካሰችም ከታች ሆነው «ትንሽ ቻይኝ፣ እኅቴ፤ ትንሽ ብቻ» ይሏቸዋል። እየቆየ ሲሄድ ዘንቢሉ ብቻ ይወርድ ጀመር፤ ቃል አብሮት አይወርድም። ጎረቤቱ ሁሉ በወይዘሮ ካሰች ላይ ፊቱን አጠቆረ፤ እሳቸውም ዘንቢሉን ሞልተው፣ ገመዱን ሁለቴ ጎተት አድርገው ይልኩና እስኪገባ ድረስ አንጋጠው ይቆሙ ነበር።

በ2017 ክረምት የወይዘሮ ማሪቱ ልብ ደክሞ በድንገት አረፉ። በሕይወት ሳሉ ያልወረዱትን ደረጃ አስከሬናቸው በሰው ትከሻ ወረደ። ያቭነ የምትኖረው ልጃቸው ዘሪቱ፣ ወይዘሮ ካሰች ሊያቅፏት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት «ለአፈሩ አዘኑ፤ ለእናቴ ግን አላዘኑም» አለቻቸው። በሐዘኑ ሳምንትም በሩን ስለዘጋችባቸው፣ ወይዘሮ ካሰች የስኳር በሽታ ባሳመመው እግራቸው አራተኛ ፎቅ ድረስ እየወጡ፣ ከደጁ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አንዳንዶቻችን አይተን እንዳላየን አልፈናል።

ከሐዘኑ በኋላ ሃጋርን ይዘው ወደ ሳጊ ቢሮ ሄዱና «አምጣው፣ እፈርማለሁ፤ እንደ ፈለጋችሁ ሸፍኑት» አሉት። ሳጊ ግን ወረቀቱን አላወጣላቸውም። ምክር ቤቱ ሊሰበሰብ ጥቂት እንደቀረው፣ አንድ ሰው አልፈርምም ብሎ ስለቆመ ብቻ ጉዳዩ እዚያ ድረስ መድረሱን፣ አሁን ቢፈርሙ ኮንክሪቱ በማግስቱ እንደሚፈስ ነገራቸው። ሃጋር እንደምትለው እናቷ ከወንበሩ ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሳይፈርሙ ወጡ። ምክር ቤቱም ተሰብስቦ ግብሩን ተወ፣ ፎቁን ጨመረ፣ ተቋራጩም እስከ ንጹሑ አፈር ድረስ ሊቆፍር ተስማማ። ወይዘሮ ካሰች ያን ጊዜ ፈረሙ።

ወገኖቻችን፣ በ2018 የበጋ ወራት ያየነውን እንዴት አድርገን እንደምንነግራችሁ አናውቅም። ነጭ ልብስ የለበሱ፣ አፍና አፍንጫቸውን የሸፈኑ ሠራተኞች የቆርቆሮውን አጥር ነቅለው በሽቦ ተኩና ገቡ፤ መኪኖች ሸራ ተሸፍነው እየተከታተሉ ወጡ፤ ጎማቸው እንኳ በውኃ ሳይታጠብ መንገዱን አይነካም ነበር። ለዓመታት የረገጥነው ምድር ሲገለጥ አንድ ቦታ አረንጓዴ፣ አንድ ቦታ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ታየን፤ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ከሥራ የተመለሰው ሁሉ አጥሩን ተደግፎ አፉን ይዞ ቆመ። እየቆፈሩ ናሙና ይወስዳሉ፤ አልጠራም ይባላል፤ እንደገና ይቆፍራሉ። ጉድጓዱ ከሕንፃችን ሁለተኛ ፎቅ የሚበልጥ ጥልቀት ሲደርስ ቀይ አፈር ብቅ አለ፤ በዝናብ ጊዜ እርሻ ላይ የምናየው ዓይነት፣ ጤናማ፣ የሚያምር ቀይ አፈር። ምርመራው ንጹሕ ነው ብሎ በመጣ ቀን ሳጊ ወይዘሮ ካሰችን ክንዳቸውን ይዞ በመኪናው መውረጃ ወደ ታች አወረዳቸው። ከላይ ሆነን ስናያቸው በዚያ ሁሉ ስፋት መካከል እጅግ ትንሽ ነበሩ። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው አፈር አፍሰው ያዙ፤ ምን እንዳሉ ሳጊ ስላልገባው ሃጋርን ጠየቃት። «አቤት እግዚአብሔር፣ ምድርም እንደ ሰው ይታጠባል! እኅቴ ይህን ሳታይ» ብለው ነበር።

ከዚያም በኋላ በገዴራም በያቭነም መርዝ ላይ በተሠራ ቤት ማን ይገባል የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ ወይዘሮ ካሰች በየለቅሶውና በየሰርጉ እየተነሡ «ታጥቦ በገባ ነገር ላይ ያለፈውን አያነሡበትም» እያሉ ይከራከሩ ነበር፤ ዛሬ እዚያ ቤት ለመግዛት ከተመዘገቡት ወጣቶች ብዙዎቹ በእሳቸው ምክንያት መሆኑን እናውቃለን። በራሳቸው ነገር ግን አንድም ቀን አልተከራከሩም። በየበዓሉ ወደ ዘሪቱ ሰው ይልካሉ፤ መልስ አይመጣም። ልጆቻቸው ተቆጥተው ሊናገሯት ሲሉ «ተዉአት፤ እሷም እውነቷን ነው፣ እኔም እውነቴን ነው» ይሉ ነበር።

ሕንፃው ፎቅ በፎቅ ሲወጣ በምድር ቤታቸው መስኮት እያዩ፣ ለረጅም ጊዜ የቆየባቸው የስኳር በሽታ ልባቸውን እያደከመው ሄደ። ሐኪሞች የሚቻላቸውን ሁሉ አድርገውላቸው፣ ልጆቻቸውም ቀንና ሌሊት ሳይለዩ አስታመዋቸው፣ ትናንት ከቀትር በኋላ በሰባዎቹ ዕድሜያቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ወደ አዲሱ ቤት አልገቡም።

አስከሬን የሚያጥቡትና የሚገንዙት በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ዛሬ ማለዳ ሲጠሩ፣ ከእነሱ ጋር ለዓመታት ስታገለግል የቆየችው ዘሪቱ የሟቿን ስም ሰማች። ሴቶቹ ነገሩን ስለሚያውቁ እንድትቀር ነገሯት። እሷ ግን ገባች፤ ገብታም ሌላ ሰው እንዲነካቸው ሳትፈቅድ ራሳቸውን፣ ፊታቸውን፣ ያንን የታመመ እግራቸውን በራሷ እጅ አጥባ ገነዘቻቸው። ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ እንዲሰነብት የአባቶቻችን ሥርዓት ያዛልና፣ እነሆ ዘሪቱ ከዚያ ከዛፉ ሥር ለብቻዋ ቆማለች።

ወይዘሮ ካሰች የሦስት ልጆች እናትና የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ገዴራ የሚኖረው የበኩር ልጃቸው ይሄይስ፣ ሴት ልጃቸው ሃጋር፣ የመጨረሻ ልጃቸው ኦሪ፣ የልጅ ልጆቻቸው ሊኖይና ኖዓ በሐዘን ቀርተዋል። ልጆቻቸው ተመካክረው አንድ ስም እንድንጨምር አዘውናልና፣ ልጃቸው ዘሪቱም ቀርታለች። ዘሪቱ፣ እኅታችን፤ ሰባቱ ቀን ሲፈጸም ታጥበሽ ስትመጪ በሩ ክፍት ነው፤ ከልጆቹ ጋር ትቀመጫለሽ፤ ያለፈውን የሚያነሳብሽ ሰው በዚያ ቤት አይኖርም።

የአባቶቻችን የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ የእናታችንን የወይዘሮ ካሰችን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ከእኅታቸው ከወይዘሮ ማሪቱ ጋር በአንድ ሥፍራ ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።