መደርደሪያው ሲዛወር

ወይዘሮ ሽታዬ ካርድ ክፍሉ ፊት በእግራቸው ቆመው ሳሉ «እንዲህ የሚባል ታካሚ የለም» ተባሉ። ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለችው ክሊኒክ ስድስት ዓመት የልብ መድኃኒት ወስደዋል። ፊደል አልቆጠሩምና ተሳስተው ነው ተብሎ ነገሩ ተዘጋ። የመድኃኒቱ መጠን የተጻፈው ካርዱ ላይ ስለሆነ ያለ ካርድ ኪኒን አይሰጥም፤ ቤታቸው የቀረው ደግሞ የሁለት ቀን ብቻ ነው።

እየተቆጡ ሲወጡ የጎረቤታቸውን ልጅ ታከለን በሩ ላይ አገኙት። አዲስ አበባ የኮምፒዩተር ሥልጠና ወስዶ፣ የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ከተመለሰ ገና ሳምንቱ ነው።

«ምነው እማማ፣ ማን አስቆጣዎ?»

«ያንተው ካርድ አውጪ፣ ምናለ ነዋ! ‹በበሩ በኩል፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራ› አልኩት። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ የያዝኩት ነው! የሌላ ሰው ካርድ አንሥቶ ‹የሉም› አለኝ። ሞቼ ነው የመጣሁት?»

በዚያ ክሊኒክ ታካሚ ሁሉ የካርዱን ቦታ ራሱ አውቆ መምጣት ነበረበት። በቀደም ግን ጣሪያው ስላፈሰሰ ካርዱ በሙሉ ወደ ደረቁ ግድግዳ ተዛውሯል።

«ጥፋቱ የኛ ነው» አለ ታከለ። «በኮምፒዩተር ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ ይናገራል፤ የተቀመጠበትን ቦታ የሚያውቀው መሣሪያው ነው። መረጃው ቢዛወርም ጥያቄው አይለወጥም። እኛም ለሰው ሁሉ የማይለወጥ ቁጥር እንስጥ፤ የየቁጥሩ ካርድ የት እንዳለ በመዝገብ እንጻፍ። ካርድ ቦታ ሲለውጥ የሚታረመው መዝገቡ ብቻ ይሆናል።»

«ወረቀት በወረቀት ላይ! የተማራችሁት መላ ይኸው ነው። እኔ ቦታዬን ባውቅ ይሻለኛል።»

«እማማ፣ ሌላ ቀበሌ ቢያዛውሩዎ ስምዎ ይለወጣል?»

«አሁን ደግሞ ልታዛውረኝ ነው?»

ታከለ እየሳቀ ወደ ካርድ ክፍሉ ይዟቸው ገባ። ካርዱን ሲያገላብጥ ቆይቶ የወይዘሮዋን አገኘና አርባ ሁለት ቁጥር ሰጣቸው። እሳቸው ግን በወሬ የሚያምኑ አይደሉም።

«ምናለ ጀርባውን ሰጥቶ ይቁም። አንተ ካርዴን ከዳር ካለው ሣጥን ክተትና መዝገብህ ላይ ጻፍ።»

እንዳሉት ተደረገ። ከዚያ ምናለን «አርባ ሁለት» ብቻ አሉት። መዝገቡን ገለጥ አደረገና ቀጥ ብሎ ወደ ሣጥኑ ሄደ።

ወይዘሮ ሽታዬ ፊታቸው ፈካ። እውነትም መደርደሪያ ቢጨመር፣ ካርዱ ላይ አዲስ ዓምድ ቢከፈት፣ ከሩቅ፣ ከማክሰኝት የሚመጣው ታካሚ ቁጥሩን ከያዘ ሌላ ምንም አይጨንቀውም። ካርድ አውጪውም ሰው ከመስደብ ያርፋል።

ኪኒናቸውን ተቀብለው በመቀነታቸው ቋጠሩ። መሄዱን ግን አልሄዱም።

«ሸጋ ነው፤ አምኛለሁ። ነገር ግን ይህች መዝገብ አንድ ናት። ብትጠፋ በምን ታገኙናላችሁ? ሁለተኛ ገልብጥና ሌላ ክፍል ቆልፍባት። በል ወንበር አምጣልኝ፤ ስትጀምር ሳላይ አልነሣም።»