በሲሚንቶ የታፈነው ግድግዳ

እንግሊዝ አገር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በቅርስነት ተመዝግቦ በሕግ በሚጠበቅ የአራት መቶ ዓመት ቤት ሳሎን ውስጥ፤ የቤቱ ጠባቂና አስጎብኚ ወይዘሮ መንበረ፣ አምና ግድግዳውን ከጠገነው የአገሯ ልጅ ከዘርይሁን ጋር ሆና የቅርስ ተቆጣጣሪውን ትጠብቃለች።

ዘርይሁን፦ «አያውቅም ነበር» በይልኝ፣ በቃ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም እትዬ መንበረ።

መንበረ፦ ምኑን ነው የማታውቀው?

ዘርይሁን፦ የጭቃ ግድግዳ ሥራን ነዋ! ተቆጣጣሪው ባለማወቅ ነው ካለ አስጠንቅቆኝ፣ «አስተካክል» ብሎኝ ይሄዳል። እያወቀ ነው ካለ ግን ሁለተኛ የቅርስ ቤት አልነካም። እንጀራዬ ነው እትዬ፣ ልጆች አሉኝ።

መንበረ፦ መጀመሪያ ወዲህ ና። እጅህን እዚህ ስንጥቅ ውስጥ ክተት።

ዘርይሁን፦ አይቼዋለሁ።

መንበረ፦ ክተት አልኩህ!

ዘርይሁን፦ ኤጭ! ምንድን ነው የሚያሟልጨው?

መንበረ፦ የኦክ እንጨት ምሰሶ ነበር። ቤቱን ያሠራው የበግ ሱፍ ነጋዴ አስቆርጦ ካቆመው ጊዜ ጀምሮ፣ ብረት ሳይነካው በእንጨት ችንካር ብቻ ተያይዞ የኖረ። አንተ በአንድ ክረምት አበሰበስከው። ዛሬ ጠዋት ሽታው ቁርሴን ሊያስመልሰኝ ነበር።

ዘርይሁን፦ ዝናቡ ነው እንጂ እኔ ምን…

መንበረ፦ ዝናቡ ድሮም ነበረ! ጭቃና ኖራ እርጥበቱን ያስገባሉ፣ መልሰው ያስወጣሉ። አንተ በሲሚንቶ ደፍነህ ውሃውን ከእንጨቱ ጋር ቆለፍክበት። ከላይ ደግሞ ኖራ ቀብተህ አሳመርከው። አንዲት ሚስማር ለመምታት እንኳ በጽሑፍ በሚያስፈቅድ ቤት! እኔ ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ሆኜ በተኛሁበት!

ዘርይሁን፦ ጠንካራ እንዲሆን ብዬ ነው።

መንበረ፦ ውሸታም።

ዘርይሁን፦ እሺ፣ አፍሬ ነው! ደስ አለሽ? እንግሊዝ አገር ድረስ መጥቼ እበትና ጭድ ላቦካ? አላፊ አግዳሚው እየቆመ ፎቶ ሲያነሳኝ? ግድግዳውን ስፈለፍለው የወጣው የኛ ቤት ግድግዳ ነው። ማገሩም ያው፣ ጭዱም ያው። አንገሸገሸኝ። ከዚህ አይደል እንዴ የሸሸሁት አልኩ።

መንበረ፦ እኔን የምታንገሸግሸኝ ደግሞ አንተ ነህ። ሃያ ሁለት ዓመት ቤቱን ሳስጎበኝ፣ ፎቁ ለምን ወደ መንገዱ ገፋ ብሎ እንደተሠራ እነግራቸዋለሁ፤ ጭስ ማውጫው ከመሠራቱ በፊት ጭሱ በክዳኑ ይሾልክ እንደነበር እነግራቸዋለሁ። ይሰሙኝና ያዛጋሉ። ጭቃው ላይ የቀረውን የመራጊውን የእጅ ምልክት ሳሳያቸው ግን ሁሉም ይጠጋል። ወንድ ይሁን ሴት ማንም አያውቅም፤ አምስቱ ጣት ግን ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። የት አደረስከው?

ዘርይሁን፦ ከፍርስራሹ ጋር ተጫነ።

መንበረ፦ ቆሻሻ መኪና ላይ?

ዘርይሁን፦ ጭቃ ነው እኮ እትዬ! ጭቃ!

መንበረ፦ ተፍ! የወደቀው ጭቃም ቢሆን ረጥቦ፣ ተረግጦ እንደገና ይመረግ ነበር። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ።

ዘርይሁን፦ ድምፅሽን ቀንሺ፣ መኪና ቆመ። እሱ ነው። እባክሽ! ለዚህ ሥራ ያመጣሽኝ አንቺ ነሽ፣ ላንቺም እኮ አያምርም።

መንበረ፦ ለእኔ አትጨነቅ፣ የድርሻዬን እቀበላለሁ። ፈረንጅ መራጊ ጠፍቶ ይመስልሃል አንተን የመረጥኩት? የጥሩወርቅ ልጅ ነው ብዬ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ስንት ቤት መረገች! ጭቃው መብሰሉን በአፍንጫዋ ነበር የምታውቀው። አንተም እስከ ጉልበትህ ገብተህ ስትረግጥላት በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ጭቃ ነው አብልታ ያሳደገችህ።

ዘርይሁን፦ እሷን አታንሺብኝ።

መንበረ፦ ጥሩ። «አያውቅም ነበር» እልልሃለሁ።

ዘርይሁን፦ እውነት?

መንበረ፦ እውነት። መጀመሪያ ግን አንተ ራስህ ለእናትህ ንገራት። ይኸው እየጠራ ነው፣ እንካ ስልኩን።

ዘርይሁን፦ ምን እያደረግሽ ነው?

መንበረ፦ «ጭቃ አላውቅም፣ ካንቺም ያየሁት የለም» በላት። እሷ ሰምታ እሺ ካለችህ እኔ ማን ነኝና እንቢ እላለሁ? ሃሎ! ጥሩወርቅዬ፣ እንዴት ነሽ? አዎ፣ አጠገቤ ቆሟል። የሚነግርሽ ነገር አለው።

ዘርይሁን፦ በሩ እየተንኳኳ ነው። መልሶ ይደውልልሻል በያት፣ እባክሽ… በሩን እኔ እከፍታለሁ። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት ብዬ የምነግረውም እኔው ነኝ።