የፈረስ ተሳቢው መብራት

በደርግ ጊዜ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ የመኪና ኤሌትሪክ እሠራ ነበር። አንድ ጠዋት አንድ ወታደር ከሀብታም ሰው ጋጣ የተወረሰ የፈረስ ተሳቢ በጭነት መኪና እየጎተተ መጣና መብራቱን ከመኪናው ጋር አገናኝልኝ አለኝ። የተሳቢው በር ተቆልፏል፤ ውስጡ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። "ፈረሱን አውርደው እንጂ፣ ሲራገጥ ሽቦዬን ይበጥስብኛል" አልኩት። "ይኼ አይራገጥም። አንተ ሥራህን ሥራ" አለኝና ሲጋራውን ለኮሰ።

የኋላውን መብራት፣ ፍሬቻውን፣ የፍሬኑን አገናኘሁና የውስጡ አምፖል ቀረኝ። እኛ ሠራተኞች ሽቦ ባገናኘን ቁጥር ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው ጮክ ብለን እንጠይቃለን፤ ልማድ ነው። እኔም የአምፖሉን ሽቦ አገናኝቼ፣ ውስጥ ፈረስ እንጂ ሰው ያለ ሳይመስለኝ "በርቷል?" አልኩ።

"በርቷል ልጄ" አለኝ ከተሳቢው ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ። "እባክህ እንዳታጠፋው።"

ወደ ተቆለፈው በር ዞርኩ። ወታደሩ መጥቶ ፊቴ ቆመ። "ምን ሰማህ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት። መኪናውን አስነስቶ ወደ ጎሮ ነዳው።

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። የተሳቢው በር ተከፍቷል፤ ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም። "የውስጡ መብራት እምቢ አለ" አለኝ። የላላውን ሽቦ አጠበቅሁና አፌ ቀድሞኝ "በርቷል?" አልኩ።

"ማንን ነው የምትጠይቀው?" አለኝ ወታደሩ።